ጥንቸል የገባበት ቤት

ኮኪት ላይ ወሬ ከትራክተር ይፈጥናል። ትራክተር ናፍጣ ይፈልጋል፤ ወሬ ግን አንድ ምላስ ይበቃዋል። በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ቀትር ላይ ከእትዬ ውዴ ጓሮ የወጣው ወሬም ጀንበር ሳትጠልቅ ሽንፋ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ያውም እግረ መንገዱን ቀንድና ጭራ አብቅሎ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው።

አየሁሽ የእትዬ ውዴ ልጅ ናት። እናቷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ እያበሰለች የምትኖር፣ ከጭቃ ቤቷና ከልጇ በቀር የኔ የምትለው የሌላት ሴት ናት። ልጅቱን የወደዳት ባየልኝ ደግሞ የወይዘሮ ውባንች አንድያ ልጅ ነው። ውባንች ማለት ከደምቢያ በእግሯ ወርዳ፣ ጫካ መንጥራ፣ ባሏን ለወባ ገብራ፣ ዛሬ ሁለት ትራክተርና ዓይን የማያደርሰው የሰሊጥ መሬት ያላት ሴት ናት። ለልጇ ከገንዳ ውሃ የባለሱቅ ልጅ አይታለት ነበር። ባየልኝ አሻፈረኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ከተሟገታት በኋላ ነው ፊቷን አጥቁራ፣ በል እንግዲህ ሽማግሌ ይሂድልህ ያለችው። ወዳ አልነበረም፤ ደክሟት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ፤ ተናጋሪያቸው አባ ሸጋው ነበሩ። በወጉ መሠረት ቆመው ተናገሩ። እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ሳይቀመጥ አይበላም። የአየሁሽ አጎት አንዱዓለም ጥቂት አቅማማ፤ ማቅማማቱም ከወጉ ነው። ከዚያ ልጃችንን ሰጥተናል፣ ተቀመጡ አላቸው። አየሁሽ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ነገር በአንድ ቃል ከትከሻዋ ወረደ።

ዶሮው ቀረበ። አባ ሸጋው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጡ ከጓሮ በኩል ድም፣ ድም የሚል ነገር ተሰማ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ ውዴ ደነገጠች። ደንግጣ ዝም ብትል ምን ነበረበት፤ የፈራ ሰው ግን ምላሱ ይቀድመዋል።

“ዶሮ ናት” አለች። “እንቁላል ታቅፋ ነው፤ ሰው ሲበዛ ትረበሻለች።”

የዶሮ እግር እንዲህ እንደማይደልቅ አባ ሸጋው ያውቃሉ። ጥቂት ጎረሱና ወደ ጓሮ ብቅ አሉ። በዚያ፣ ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር፣ በሽቦ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ጆሮዋን ያቆመች ግራጫ ጥንቸል በኋላ እግሯ መሬቱን ስትደልቅ አገኟት። ልጆቿ ጥግ ላይ እርስ በርስ ተደራርበዋል።

ተመልሰው ሲገቡ አልተቀመጡም። መጀመሪያ እትዬ ውዴን አዩዋት፤ ቀጥለው ወጡን አዩት።

“በዚህ ቤት ዶሮ የሚባለው ያ ነው?” አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። አንዱዓለም በገዛ እጄ ባርኬ ያረድኳት ዶሮ ናት ብሎ ማለ፤ ላባውን ከጉድጓድ አውጥቶ አሳየ። ላባ ማን ይሰማል? ክርስቲያን ጥንቸል እንደማይበላ ሕፃን ያውቃል። ጥንቸሏን ዶሮ ያለች ሴት ወጡን ምን ልትለው ነው? አንዱ ሽማግሌ የጎረሰውን ተፋ፤ ሌላው ከአጥር ኋላ ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። እሺ ተብለው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ሳይመርቁ ወጡ።

ወይዘሮ ውባንች ወሬው ሲደርሳት ግቢዋ መሃል ቆመች። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች።

“ሚካኤልን፣ ጥንቸል በገባበት ቤት ውስጥ እህል አልቀምስም” አለች።

የሙሽራው እናት እህል የማትቀምስበት ሰርግ ሰርግ አይደለም። አየሁሽ ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ጥለውት የሄዱትን ወጥ ብቻዋን ከማዕዱ አነሳች። ሙሽራ ሊሏት ጥቂት ቀርቷቸው የነበሩት ጎረቤቶች ከአጥር ማዶ ሲንሾካሾኩ ይሰማታል። እንባ ቢመጣላት በወደደች፤ የመጣላት ግን ቅዝቃዜ ነበር፤ በዚያ ሐሩር እጆቿ በረዶ ሆኑ።

*

ጥንቸሏ የሙባረካ ናት። ሙባረካ ጦርነቱ ከወድ መደኒ ያፈናቀላት ሱዳናዊት ናት፤ ልጇን ታቅፋ፣ ወንዱንና ሴቷን ጥንቸል በቅርጫት ከሽንኩርት ሥር ደብቃ ድንበር የተሻገረች። ልጁ እነሱን ካላየ አይተኛም ነበር። ወንዱ በመንገድ በሙቀት ሞተ። እትዬ ውዴ የጓሮ ክፍሏን አከራየቻት፤ ልጁ ታሞ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሲላክ ግን ጥንቸሏን ይዞ መሄድ አልተቻለም። ሙባረካ መኪናው እየጠበቃት የአየሁሽን እጅ ያዘች፤ በተሰባበረ አማርኛዋ አትሽጪ፣ አትረጂ፣ እስክመጣ ጠብቂልኝ አለች። መጨረሻ ላይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “አማና” አለቻት። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። አደራ ማለት ነው። አየሁሽ እሺ አለች፤ እሺ ያለችው ደግሞ በምላሷ ብቻ አልነበረም።

የመተማ ሚያዝያ ድንጋይ ያስለቅሳል። አየሁሽ የሽቦውን ቤት በእርጥብ ጆንያ አለበሰችው፤ ጆንያው ሲደርቅ ታርሳለች፣ ሲደርቅ ታርሳለች። አንድ ቀን ጥንቸሏ የገዛ ደረቷን ጸጉር በአፏ እየነጨች ስትጎዘጉዝ አገኘቻትና እከክ ያዛት ብላ ደነገጠች። በማግስቱ ጸጉሩ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቀያይ ልጆች ነበሩ። ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ፤ እናቲቱ ልጆቿ አጠገብ አትቀመጥም። ጥላቸዋለች፣ ሊሞቱ ነው ብላ አየሁሽ የፍየል ወተት ፍለጋ ሰፈሩን ዞረች።

ባየልኝ ነው ቆይ እንያት ያላት። ከሽንፋ ወንዝ ዳር ለምለም ሣር እያጨደ በሞተሩ ያመጣላት ነበርና፣ አንድ ማለዳ ገና ሰማዩ ሲገረጣ ደርሶ ከራኩባው ሥር አብሯት ተቀመጠ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጥንቸሏ ግራ ቀኝ አየች፤ ልጆቿ ላይ ቆመች፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል አጠባቻቸው፤ ጸጉሩን መልሳ አለበሰቻቸውና ምንም እንዳልሠራ ሰው ራቅ ብላ ተቀመጠች። አጠገባቸው የማትውለው ጠላት እንዳያገኛቸው ኖሯል። አየሁሽ ቀና ስትል ባየልኝ የሚያየው ጥንቸሏን አልነበረም። ወንድ ሁሉ የወደደ ጊዜ ያወራል፤ ይሄኛው ዝም ማለት ይችላል። ያን ጊዜ ነው ልቧ ጨርሶ የሄደው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ባየልኝ ሲመጣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር። እናቱ እስከ እሁድ ጊዜ ሰጥታዋለች፤ ጥንቸሎቹ ይውጡ፣ ቤቱ ጠበል ይረጭ፣ ከዚያ ሽማግሌ እንደገና እልካለሁ ብላለች። አየሁሽ ጆንያ ማራሷን አላቆመችም።

“ወዴት ይውጡ?” አለችው።

“ወደ ዱር። ጥንቸል እኮ የዱር ናት።”

“ይቺ ዱር አታውቅም። ውሻና ቀበሮ ሳይመሽ ይጨርሷታል፤ አንተም ታውቀዋለህ።”

ያውቀዋል። ለዚህ ነው ድምፁ የሻከረው። “ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ስከራከር ከርሜ፣ ዛሬ ከጥንቸል አንሼ ልቅር?”

አየሁሽ ውሃውን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው። “አንተን በጥንቸል አልለውጥህም። ቃሌን ግን ላንተም ብዬ አልጥልም። ዛሬ የሙባረካን አደራ ጥዬ ብመጣልህ፣ ነገ ልጅህን ምን ብለህ ታሳቅፈኛለህ?”

ወደ ሞተሩ ዞረ። ከመሄዱ በፊት ግን ከሞተሩ ኋላ አንድ እስር ሣር ፈትቶ አጥሩ ሥር አኖረ። ተቆጥቶም ቢሆን አጭዶ ነበር የመጣው። አየሁሽ ሙባረካ ዘንድ ደወለች፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላት ስልኩ። ሣሩን አቅፋ ቆመች። ጨርሶ ጨክኖባት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ያ እርጥብ ሣር ግን ደረቷ ላይ እንደ ፍም ፈጃት።

*

ረቡዕ ጠዋት የሽቦው ቤት በር ተከፍቶ ጠበቃት። ጥንቸሏ የለችም፤ ልጆቿም የሉም፤ የተጎዘጎዘው ጸጉር እንኳ ተለቅሞ ሄዷል። እናቷን ጠራቻት። እትዬ ውዴ ግቢውን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ሳትል ምናልባት ውሻ ይሆናል አለች። ውሻ መዝጊያ አይከፍትም። አየሁሽ ወደ ደጅ ወጣች። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አቧራው ላይ የሞተር ጎማ ቆሞ የዞረበት ምልክት ነበር። ያን ጎማ ታውቀዋለች። ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ሞተር ነው።

ነጠላዋን እንኳ አላነሳችም። የውባንች ግቢ እስክትደርስ ድረስ አንድም ሰው ሰላም አላለችም። ባየልኝ ትራክተር ሥር ገብቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ዙሪያውን ቆመው ብረት ያቀብሉታል።

“የት ናቸው?” አለች።

ወጣ። እጁ በግሪስ ጠቁሯል። እሷን አየ፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ቤቱን አየ። “የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ደህና ናቸው።”

“የት?”

ወደ ትራክተሩ ዞረ።

“ማን ፈቀደልህ?”

አፉን ሊከፍት ፈለገ፤ መልሶ ገጠመው። መዶሻው ቆመ። ሠራተኞቹ ጆሮ ብቻ ሆኑ።

“አደራ በላ” አለችው።

ኮኪት ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ ቢሉት ሰው ታስሮ ይፈታል፤ አደራ በላን ግን አፈርም አይቀበለው ይባላል። የባየልኝ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም አልመለሰላትም። የመለሰችላት እናቱ ናት። ወይዘሮ ውባንች በዚያች ሰዓት ከወፍጮ ቤት ገባች፤ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሰፍሯል። የሰማችው ግማሹን ነው፤ ግማሹም በቂዋ ነበር።

“አወጣሃቸው?” አለች። “ደግ አደረግህ።” ከእሁድ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር። ወደ አየሁሽም ዞረች። በክፋት አልነበረም፤ ሂጂ፣ ለእናትሽ ጠበል ታስረጭ በያት፣ ሽማግሌ እሁድ ይመጣል አለቻት። ከዚያ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ምግብ እንዲቀርብ አዘዘች።

አየሁሽ ዓመት ሙሉ የተመኘችው ቃል ይኸው ተነገራት። እንዲህ ሬት ሬት ይላል ብላ ግን አላሰበችም።

“ሽማግሌ አይላኩ፣ እትዬ ውባንች” አለች። “እኔ አደራ በላ አላገባም።”

“ይቅርብሻ” አለች ውባንች። እጇን ታጠበች። እንጀራውን ቆረሰች። አየሁሽ የግቢው በር ላይ ደርሳ ነበር የባየልኝን ድምፅ የሰማችው፤ እንደ ሕፃን የቀጠነ።

“እማዬ፣ አትጉረሺ።”

ውባንች ጉርሻውን ከአፏ አፋፍ ላይ ያዘችው።

“ጥንቸሎቹ ጓዳሽ ውስጥ ናቸው” አለ ባየልኝ። “ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው ያስገባኋቸው። ሌላው ክፍል ሁሉ ቆርቆሮ ነው፣ ይሞቱብኝ ነበር፤ አባዬ የሠራው ጓዳ ብቻ ነው ቀዝቃዛ። አንቺ ወፍጮ ቤት ስትውዪ ሌላ ቦታ አዘጋጅቼ ላወጣቸው ነበር። በሚካኤል የማልሽውን ሳታውቂው ስትውጪው ግን ቆሜ ማየት አልችልም።”

ውባንች ጉርሻውን ፍም እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጋ ትሪው ላይ መለሰችው። አየሁሽ ፈቃድ አልጠየቀችም፤ በውባንች ፊት አልፋ ጓዳው ውስጥ ገባች።

ጨለማና ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗ ሲለምድ እናቲቱን አየቻት፤ በእርጥብ ጨርቅ ተከልላ፣ ደረቷን ገና ጸጉር ያልሸፈነው፣ ጆሮዋን አስተኝታ። ልጆቹ በገዛ ጸጉሯ ላይ ተኝተዋል፤ ጸጉሩ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ ነው። አየሁሽ የቅርጫቱን እጀታ ዳሰሰችው። በቀይ ክር ተጠግኗል። ራሷ ናት የጠገነችው፤ የእናቷ የገበያ ቅርጫት ነው።

ቁጢጥ አለች። በዓይነ ሕሊናዋ ወደ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ እናቷን አየቻት፤ ገና ሳይነጋ፣ ቅርጫቱን በነጠላ ሸፍና፣ የልጇን ትዳር ለማዳን የልጇን ቃል ቁጥቋጦ ውስጥ ልትጥል ስትሄድ። ሣር ሊያጭድ የማለደ አንድ ሞተርም አየች፤ ሲቆም፣ ሲዞር።

ባየልኝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

“በሰው ፊት ያን ያህል ስሰድብህ” አለች። “ለምን አልነገርከኝም?”

ግሪስ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

“እናትሽ አደራ ብላኝ ነበር” አለ።

አየሁሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሁድ ያልመጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ። ኀፍረት ይሁን ደስታ አልለየችውም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን እንደ ጎርፍ ነው የሚወስዱት።

*

ወይዘሮ ውባንች ከግቢዋ ወጥታ ደጅ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ማለት የሚችል ሁሉ የሚለውን አላት። ቄስ ይጠራና መሐላውን ይፍታልሽ ቢሏት፣ ቄስ የሚፈታው የልጅ ምላስ ነው፣ እኔ የማልኩት አውቄ ነው አለች። ቤቱ ጠበል ይረጭ ቢሏት፣ ጥንቸሎቹ ሳይወጡ ምኑ ይረጫል አለች። ጎረቤት ግቢ ቢሏት፣ የሁለት ትራክተር ባለቤት የሰው ምድጃ አትለምንም አለች። ባየልኝ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ዞር በልልኝ፣ አየር ከለከልከኝ አለችው። ፀሐይዋ ዞረች፤ እሷም ከጥላው ጋር ዞረች። ከንፈሯ ደርቋል። ግትር ሰው ሲርበው ቀልድ አይደለም፤ ሠራተኞቹ አጥር እየታከኩ ያልፋሉ።

አየሁሽ ከጎረቤት ድስትና እንጀራ ተውሳ መጣች። አንድም ቃል ሳትናገር ከዛፉ ሥር፣ ውባንች ፊት ለፊት፣ ሦስት ጉልቻ ተከለች። እሳት አነደደች። ሽሮውን ውባንች እያየችው ከከረጢቱ አወጣች፤ ዘይቱን እያየችው ቀዳች። ጣሪያ ያልጠለለው፣ ግድግዳ ያልከለለው ምግብ። የውባንች ዓይን ከልጅቱ እጅ ላይ አልተነቀለም።

“ሽንኩርቱን አድቅቂው” አለች በመጨረሻ።

አየሁሽ አደቀቀችው።

“ያችን እንስሳ ልቀቂ ብልሽ ምን ይጎድልብሻል? ባለቤቷ አገሯ ሌላ፣ ሃይማኖቷ ሌላ። መምጣቷንም አታውቂ።”

አየሁሽ ከድስቱ ላይ ቀና አላለችም። “እርስዎ በሚካኤል የማሉትን ያፈርሳሉ?”

“አላፈርስም።”

“እኔም።”

ሽሮው ተንተከተከ። ውባንች ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ገበያ ላይ በሬ እንደምትመርጥበት ዓይን። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ አየሁሽ ውሃ አስታጠበቻት። በላች። ቀስ ብላ፣ እያላመጠች፣ ጨው አነሰው እያለች በላች።

ባየልኝ ቅርጫቱን አቅፎ፣ እናቲቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከግቢ ወጣ። ሽንፋ ወንዝ ዳር ከአባቱ በደረሰው መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ ለሁለታቸው ሲሠራው የከረመ የሣር ጎጆ አለ፤ መዝጊያ ብቻ ቀርቶት ነበር፣ እሱንም ዛሬ ይገጥመዋል፤ ነፋስ ያገኘዋል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ጥንቸሎቹን እዚያ ላስገባቸው ነው፣ ባለቤቷ እስክትመጣ ከዚያ አይወጡም፣ እኛም የምንኖረው እዚያ ነው አለ። ከፈቀድሽ ማለትን ረሳው፤ ወይም ደግሞ ሆን ብሎ ተወው።

“ከሙሽራ በፊት ጥንቸል ልታስገባ?” አለች እናቱ።

“አንድ ላይ ነው የመጡልኝ።”

“ልጅቷ እንደሆነ ተሰጥታለች” አለች ውባንች፣ ለራሷ እንደምትናገር። “አጎቷ ሰጥተናል ብሏል። ሽማግሌ ወጡን ቢተፋውም የተሰጠ ቃል አይተፋም።” ከዚያ ድምፅዋን አነሳች። “እዚያ ቤት ግን አልበላም።”

“አውቃለሁ” አለ ባየልኝ። አንገቱን ደፋ። አንድ ልጅ ያላት እናት፣ ልጇ ጎጆ ሲወጣ እህሉን የማትቀምስ እናት። አየሁሽም አወቀችው፤ ያገኘችው ሁሉ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ነው የተገለጠላት፤ የምትከፍለውም እሷ ብቻ እንዳልሆነች።

ውባንች ቀና ብላ ከራስዋ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አየች።

“ደጁ ላይ ቁርቁራ ትከል” አለችው። “ጥላ ሲጥል መጥቼ ከሥሩ እበላለሁ። ዛፍ ቤት አይደለም።”

“እማዬ፣ እሱ እስኪያድግ ስንት ዓመት ይፈጃል?”

“እኔ መቼ ልሞት ነው አልኩህ?”

ባየልኝ ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቱ እምቢ አለው። የተናገረችው አየሁሽ ነበረች።

“እስኪያድግ እኔ ጥላ እይዝልዎታለሁ።”

“ክንድሽ ይዝላል።”

“ሲዝል በግራዬ እይዛለሁ።”

ወይዘሮ ውባንች ወደ ትሪው ዞረች። ከፊቷ ከቀረው እንጀራ ቆረሰች፤ በሽሮው ጠቀለለች፤ ጠቅልላም አልበላችውም። ክንዷን በእሳቱ ላይ አሻግራ ልጅቱ አፍ ድረስ ዘረጋችው።

“ክፈቺ” አለች። “ከጠዋት ጀምሮ እንደኔው ባዶ ሆድሽን ነሽ።”

አየሁሽ እህል አለመቅመሷን ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው። አፏን ከፈተች። ትልቅ ጉርሻ ነበር፣ ጨው የቀረው፣ ትኩስ። ባየልኝ ቅርጫቱን እንዳቀፈ በእሳቱ ማዶ ቆሞ ያያታል፤ እሷም ልታየው ፈለገች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶባት መልኩ ተድበሰበሰባት። ማልቀስና መዋጥ አንድ ላይ አልሆንላት አለ።